«ቶናው እንዳይሞት አቦሉን አታሟጪ»፦ ሞት እዚህ ምንድን ነው?

ጠያቂ ዘኮምቦልቻ
ሰላም ለሁላችሁ። ዓረፍተ ነገሩ አንዲት እናት ቡና ለምትቀዳ ልጃቸው የተናገሩት ነው። ቦታው ኮምቦልቻ፣ ሰዓቱ ከቀትር በኋላ፣ ጀበናው ከእሳት ወርዶ ሊቀዳ ሲል፦ «ቶናው እንዳይሞት አቦሉን አታሟጪ።» ሁለት ነገር አልገባኝም። አንደኛ፣ ቶናው ገና አልፈላም፤ ያልመጣ ነገር እንዴት ይሞታል? ሁለተኛ፣ «አትጨርሺ» ወይም «አታንጠፍጥፊ» ማለት ሲቻል «አታሟጪ» ለምን ተመረጠ? ከአገር ርቀው ለሚያድጉ ልጆች በማዘጋጀው የአነጋገር መዝገብ ላይ ላሰፍረው ስለሆነ ፍቺው እንዳይዛነፍብኝ እርዱኝ።

ባለ ረከቦት
ፍቺው ጀበናው ውስጥ ነው ያለው፣ ስለዚህ ከጀበናው ልጀምር። ስምንት ሲኒ ለሚቀዳ ጀበና አንድ ሲኒ ተኩል ጥሬ ቡና ይበቃል። ገለፈቱ እስኪለቅ ሁለት ሦስት ጊዜ እየታሸ ይታጠባል፤ ከዚያ እየተማሰለ ይቆላል። ተንጣጥቶ ወዙ ብቅ ሲል ይወርዳል፣ ካለፈ ያራል፤ ካረረ ቡና ደግሞ የከሰል ጣዕም እንጂ ቶና አይጠበቅም። ሲወቀጥ ከልክ በላይ ከላመ አይሰክንም፣ ሲኒ ላይ ይንሳፈፋል። ክርትፍ ካለ ቶሎ ይሰክናል፤ አቦሉ ግን ይቀጥናል።

ውሃው ሲፈላ ዱቄቱ በአንገቱ ይጨመራል። ሲገነፍል ትንሽ ወደ ሲኒ ተቀድቶ ይመለስበታል። ከወረደ በኋላ ማቶቱ ላይ ዘንበል ብሎ አምስት ደቂቃ ያህል ይሰክናል። ሲቀዳ ጀበናውን በየሲኒው ቀና ዘንበል ማድረግ አይገባም፤ በአንድ ዘንበል ሲኒዎቹን ሁሉ ማዳረስ ነው። ቀና ባለ ቁጥር ዝቃጩ ይነሳል።

እንግዲህ እናትየዋ የፈሩት ይህን ነው፦ መጨረሻው ሲኒ ካልሞላ ልጅቷ ጀበናውን ደፍታ ታሟጥጠዋለች። ያን ጊዜ ዝቃጩ አብሮ ይወጣል። ለቶናው የሚቀረው ባዶ ጀበና ነው፣ ቶናው የሚፈላው ግን ከዚያ ዝቃጭ ነው። ከታች ሁለት ጣት ያህል መቅረት አለበት። በዚያ ላይ የጋለ ባዶ ሸክላ ቀዝቃዛ ውሃ ሲያገኘው ይሰነጠቃል።

የሰኞ ገበያ ልጅ
እትዬ ባለ ረከቦት አሠራሩን አሟልተው ነግረውናል። «ሞት»ን ግን አልፈቱትም። የእኔ ግምት ከእርሾ ጋር ነው። ሊጥ የምታቦካ ሴት ቡሃቃውን አሟጥጣ አታጥብም፤ ለሚቀጥለው እርሾ ታስቀራለች። ያላስቀረች «እርሾው ሞተ» ይባላል። ጀበናው ውስጥ የሚቀረውም የቶና እርሾ ነው። ያልመጣ ነገር እንዴት ይሞታል ላልከው፣ ገበሬም ያልበቀለውን ዘር «ሞተ» ይላል።

መሪጌታ ዘጦሳ
«እርሾ» የሚለው መልካም ነው፣ ነገር ግን እርሾ ሕያው ነው፤ ያድጋል፣ ይበዛል። ቡሆም ከግዕዙ «ብሑእ» ነው፣ የኮመጠጠ ማለት። የቡና ዝቃጭ አይበዛም፣ በየዙሩ ያንሳል እንጂ። ስለዚህ ምሳሌው አይገጥምም።

ወደ ዋናው ቃል እንምጣ። ጠያቂው ስለ ሞት ይጠይቃል፤ ቀድሞ መጠየቅ ያለበት ግን «ቶና» ምንድን ነው የሚለው ነው። ግዕዝ የተማረ ሰው እዚህ ላይ አይቸገርም። ሁለት በግዕዝ ቁጥሩ «ክልኤቱ» ነው፤ የ«ሁለተኛ» ሥር ግን በሁለት ቃል ተደብቆ ቀርቷል፦ «ሰኑይ» እና «ሳኒታ»። ሰኑይ ሁለተኛዋ ዕለት ናት፣ በአማርኛ ሰኞ። በወንጌል «ወበሳኒታ» ሲል በማግሥቱ፣ በሁለተኛው ቀን ማለቱ ነው። ቶና የሳኒታ ዘመድ ነው።

ደረሳው
አሰላሙ ዓለይኩም። መሪጌታ፣ ዘመድ ነው ማለትዎን እቀበላለሁ፤ ልጁ ነው ካሉ ግን አልስማማም። ዐረቡ «ሣ» የሚለውን ፊደል ምላስን በጥርስ መሐል አውጥቶ ነው የሚያነበው፤ የዚያ አቻ በግዕዝ ሰ ነው። ዐረቡ «ሠውር» ያለውን በሬ ግዕዝ «ሶር» ይለዋል፤ «ሠማንያ» ያለውም ስምንት ነው። ቶና ከግዕዝ ቢወርድ ኖሮ በሰ ይጀምር ነበር፣ ልክ እንደ ሰኞ። በተ የጀመረው ከሌላ አፍ ስለመጣ ነው።

አቦል፣ ቶና፣ በረካ ሦስቱም ከዐረብኛ ናቸው፦ አወል፣ ሣኒ፣ በረካ። አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ረድኤት። ሲኒው ራሱ «ሲን» ከሚባለው ከቻይና አገር ስሙን ያመጣ ዕቃ ነው።

መሪጌታ ዘጦሳ
ደረሳው ወንድሜ፣ በራስህ ሚዛን ልመዝንህ። ወሎ የዐረቡን ያን ፊደል ሲወስድ ምን አደረገው? ዑስማን አለ፣ ሐዲስ አለ። ሁለቱም በስ። እንግዲያው ከ«ሣኒ» የሚመጣው «ሶና» ነው እንጂ «ቶና» ከየት መጣ? ግዕዙን በከለከልክበት ሕግ ዐረብኛውም ይከለከላል።

ደረሳው
ጥሩ ያዙኝ፤ መልሱ ግን አለ። ሐዲስና ዑስማን በኪታብ የመጡ ናቸው፤ መድረሳ ውስጥ ተቀርተው (ተነብበው)፣ ፊደሉ ተጠብቆ። ቡና ግን በኪታብ አልመጣም፣ በነጋዴ ነው የመጣ። የሱዳኑም የግብፁም ሰው በዘወትር ንግግሩ ሁለተኛን «ታኒ» ነው የሚለው፣ በተ። ገበያ ላይ የተሰማው ታኒ ነው፣ ረከቦት ላይ ቶና ሆኖ የቀረው። አንድ ፊደል በሁለት መንገድ ሲገባ ሁለት መልክ ይይዛል።

የሰኞ ገበያ ልጅ
ይህ የመጽሐፍና የገበያ መንገድ ልዩነት ለእኔ የዚህ ውይይት ትልቁ ግኝት ነው። አንድ ነገር ልጨምር፦ ደሴ ላይ ሰኞ ገበያ ወጥቶ ጥሬ ቡና ገዝቶ የሚመለስ ሰው ያንኑ ሥር ሁለት ጊዜ ተሸክሞ ይገባል፤ በግዕዝ በገበያው ስም፣ በዐረብኛ በቶናው።

ቶና «ቶሎ ና» ነው የሚሉም አሉ፤ አቦሉ ያመለጠውን ጎረቤት መጥሪያ ነው ብለው። ደስ ይላል፣ ግን ሴቷን ጎረቤት ሊጠራ ሲገባው ለወንድ ብቻ መሆኑ ይከብደኛል።

መሪጌታ ዘጦሳ
«ቶሎ ና» የሚለው ይቅርብን።

ደረሳውን ልጠይቅ፦ አወል እንዴት አቦል ሆነ? የአማርኛ ጠባይ ብን ወደ ው ማላላት ነው እንጂ ውን ወደ ብ ማጥበቅ አይደለም። ሰብእ ሰው ሆነ፣ ነበረ ኖረ ሆነ። አንተ ወንዙን ሽቅብ እያስፈሰስከው ነው።

ደረሳው
የዐረቡ አወል ው ይጠብቃል፤ ሰብእ ላይ ግን ብ ጠብቆ አያውቅም። የላላ ብ ወደ ው ይወርዳል፣ የጠበቀ ው ወደ ብ ቢወጣ አይገርመኝም። ሌላ ምስክርም አለ፦ ትግርኛ ተናጋሪው ዛሬም የመጀመሪያውን ቡና «አወል» ይለዋል፣ በው። ሁለተኛውን በራሱ ቋንቋ «ካልኣይ» ብሎ ተረጎመው፣ ሦስተኛውን «በረካ» አለው። አማርኛና ትግርኛ በሁለቱ ዳር ተስማምተው መሐሉ ላይ ብቻ ተለያዩ። ምንጩ አንድ ባይሆን እንዲህ አይገጣጠሙም።

መሪጌታ ዘጦሳ
የትግርኛው ምስክርነት ጠንካራ ነው፣ ስለ አቦል ተረታሁ። በረካን ግን አልለቅም። ባረከ፣ ቡሩክ፣ በረከት የግዕዝ ነው፤ ሥሩም «ብርክ»፣ ጉልበት ነው። ተንበረከከ የምንለው፣ ሰው ሲፈራ ብርክ ያዘው የምንለው ከዚያ ነው። ምርቃት በጉልበት ወርዶ የሚቀበሉት ነገር ነውና።

ደረሳው
ሥሩ የጋራ ነው፣ ማንም አይክደውም። የምንከራከረው ስለ ጫፉ ነው። ግዕዝ በት ይዘጋል፤ በረከት፣ ምሕረት፣ ሕይወት። ዐረቡ ሲያሳርፍ ያን ት ይውጠውና በ«ኣ» ይቆማል፤ በረካ፣ ሰደቃ። ሦስተኛው ሲኒ ከግዕዝ ቢሆን ኖሮ «በረከት ሳትጠጣ አትሂድ» እንል ነበር። የደሴ ክርስቲያንም እስላምም ግን በረካ ነው የሚለው።

የቦርከና ዳር
ሶላት ግን በት ነው የቀረው። ሕጉ ለሰደቃ ሠርቶ ለሶላት ለምን አልሠራም?

ደረሳው
ጥያቄህ ተገቢ ነው፤ ዘካም ዘካትም ይባላል። እሱን በሌላ ቀን በሰፊው እመለስበታለሁ፤ በአንድ አንቀጽ የሚያልቅ አይደለም።

ጠያቂ ዘኮምቦልቻ
ብዙ ተማርኩ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። «አታሟጪ»ን ግን ማንም አልነካውም።

መሪጌታ ዘጦሳ
እውነት ነው። ቅርጹ ትክክል ነው፦ አሟጠጠ፣ አሟጦ፣ አታሟጪ። «ያለ የሌለውን አሟጦ ሰጠ» ስንል ሁለቱ ጠ ተጋጥመው አንድ የጠበቀ ይሆናሉ፤ በሴት ትእዛዝ ደግሞ ወደ ጨ ይዞራሉ። «አታሟጥጪ» ብሎ ማረም አያስፈልግም፣ በመዝገብህ እንደሰማኸው ጻፈው።

ከ«አንጠፈጠፈ» የሚለየው እንዲህ ነው። ማንጠፍጠፍ ጠፈጠፉን፣ የመጨረሻዋን ጠብታ መጠበቅ ነው፤ የሚወርደው የጠራው ነው፣ ዝቃጩ ቦታው ይቆያል። ማሟጠጥ ግን ዕቃውን ራሱን ባዶ ማስቀረት ነው። ላሚቱ ነጠፈች የምንለውም ከማንጠፍጠፍ ወገን ነው።

ባለ ረከቦት
መሪጌታ ልዩነቱን በደንብ ለዩት። ለዚህም ነው እናትየዋ «አታንጠፍጥፊ» ያላሉት። የጠራው ቢንጠፈጠፍ ጉዳት የለውም፤ ጉዳቱ አተላው ሲሟጠጥ ነው። «አትጨልጪ»ም አይሆንም፤ መጨለጥ የጠጪው ሥራ ነው፣ የቀጂዋ አይደለም።

የላሟ ነገር ግን በተቃራኒው ነው። ላም በደንብ ካልታለበች፣ ጡቷ ውስጥ ወተት ከቀረ ትነጥፋለች። ጀበና የምትነጥፈው እስከ መጨረሻው ስትታለብ ነው።

የቦርከና ዳር
ታዲያ ለቶናው አንድ ማንኪያ አዲስ ዱቄት ቢጨመር የሞተው አይነሳም?

ባለ ረከቦት
ይነሳል፣ ግን ቶና መሆኑ ይቀራል፤ ሌላ አቦል ነው የሆነው። የቶና ጣዕም ከአቦሉ የተረፈው ነው። ልኩ ውሃውን መቀነስ ነው፤ ለአቦሉ ስምንት ሲኒ ውሃ ከገባ ለቶናው ስድስት፣ ለበረካው ከዚያም ያንሳል። ጨው ወይም ጤና አዳም የሚጨምሩ ሰዎች በበረካው ላይ እጃቸውን ይሰብስቡ፣ ቀጭን ቡና ጨው ቶሎ ይገዛዋል።

የሰኞ ገበያ ልጅ
የቦታውም ነገር አለ። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ ወደ 1,850። ውሃ ደሴ ላይ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፣ ኮምቦልቻ ላይ በ94። ጀበናው ሲንተከተክ ያየ የደሴ ሰው ሙቀቱ አንድ መስሎት ቶሎ ካወረደው አቦሉ ይሳሳል። ደሴ ላይ ትንሽ እሳቱ ላይ ማቆየት ነው።

የቦርከና ዳር
ስለዚህ ቡናውም የኮምቦልቻ ይበልጣል ማለት ነው፤ ዓረፍተ ነገሩም የተሰማው እኛ ዘንድ ነው።

የሰኞ ገበያ ልጅ
የሚቆየው በሰው እጅ ነው እንጂ በከፍታው አይደለም። ወደ ፍቺው እንመለስ። እኔ ከእርሾው አልወርድም። መሪጌታ አይበዛም ብለው ከለከሉኝ፤ እርሾ ግን በሕይወት ስላለ ብቻ ሳይሆን ለሚቀጥለው ስለሚተርፍ ነው እርሾ የተባለ። በእናትየዋ አነጋገር «መሞት» ማለት ተከታይ ማጣት ነው።

መሪጌታ ዘጦሳ
ተከታይ ያጣ ከሆነ የሞተው አቦሉ ነው፣ ቶናው አይደለም። ዓረፍተ ነገሩ «ቶናው እንዳይሞት» ነው የሚለው። እኔ «ገበያው ሞተ» እንደሚባለው ነው የምወስደው፦ መጥቶ ሳለ ኃይል ማጣት። ቶናው ይፈላል፣ ይቀዳል፣ ግን ቡና አይሆንም።

ጠያቂ ዘኮምቦልቻ
ሁለቱንም እጽፋለሁ፤ ግን የትኛውን አስቀድም? «ዘር ሳይበቅል መቅረት» ወይስ «መጥቶ ኃይል ማጣት»?

ባለ ረከቦት
ቀጂዋ የምትሰማው ሁለተኛውን ነው። እንግዶቹ ፊት ቀጭኑን የምትቀዳ እሷ ናትና።

ደረሳው
እኔ የመጀመሪያውን አስቀድማለሁ፤ ምክንያቴን ከመጻፌ በፊት ግን መሪጌታን አንድ ነገር ልጠይቅ። የእትዬ ስም ረከቦት ነውና፤ ረከቦት ከምን ይወጣል?

መሪጌታ ዘጦሳ
ረከበ፣ አገኘ። ርክበ ካህናት የካህናት መገናኛ እንደሆነ ረከቦትም የሲኒና የሰው መገናኛ ነው።

የቦርከና ዳር
መሪጌታ፣ ዕቃ ያዡ ነው እንጂ ሰው ረከቦት ላይ አይገናኝም። «ተረከበ» ከሚለው ቢሆንስ፣ ሲኒውን የሚረከብ?

መሪጌታ ዘጦሳ
ተረከበም ከረከበ ነው፣ ልጄ። «-ኦት» የሚለው ጫፍ ነው ማስረጃ የሚፈልገው፤ ቆይ ላስረዳህ።