የጉባኤ አዳራሻችን ፊት ይታደስ ወይስ ይቆይ?

የሲቪል ምህንድስና ተመራቂ (ጥያቄውን ያቀረበው)
ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። የግቢ ጉባኤያችን (የዩኒቨርሲቲው ኦርቶዶክሳውያን ተማሪዎች መንፈሳዊ ጉባኤ) አዳራሽ ከዩኒቨርሲቲው በር ማዶ፣ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ እንዳለ ታውቃላችሁ። ከእኛ በፊት የነበሩ ተማሪዎች አዋጥተው የሠሩት ነው። አሁን ልስኑ ረግፏል። የላሜራ በሩ ዝጓል። በኮሪደር ልማቱ ፊት ለፊት ያለው መንገድ ተሠርቶ ግራና ቀኝ ያሉት ሕንፃዎች ተቀብተዋል፤ የእኛ ብቻ ቀርቷል። ከተመራቂዎች የተዋጣ ገንዘብ አለ። በእሱ የአዳራሹን ውጭ እናድስ የሚሉ አሉ። ለመጻሕፍትና ለተቸገሩ ተማሪዎች ይዋል የሚሉም አሉ። ሐሳባችሁን ስጡ።

የፋርማሲ ተመራቂ
እኔ አልስማማም። ሁለተኛ ዓመት ላይ ትምህርቴን ልተወው ነበር። ያቆየኝ ጉባኤው በየወሩ የሚሰጠኝ የፎቶ ኮፒና የትራንስፖርት ብር ነው። የግድግዳው ቀለም ምን እንደነበር እንኳ ትዝ አይለኝም። ዛሬም እንደኔ ያለ ልጅ እዚያ ግቢ ውስጥ አለ።
ደግሞ አባቶቻችን ለውስጡ ነበር የሚጨነቁት። ጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴን አስቡት። ከውጭ ሲያዩት ሣር የለበሰ የድንጋይ ቤት ነው። ውስጥ ገብቶ ቀና ያለ ሰው ግን ጣሪያውን የሞሉትን የመላእክት ፊቶች ያያል። ጌታችንም በኖራ ስለተለሰኑ መቃብሮች የተናገረውን አንርሳ።

የአርክቴክቸር ተመራቂ
እኅቴ፣ ስለ ተቸገሩት ልጆች ያልሽው ልክ ነው። ምሳሌሽን ግን እኔም ልጠቀምበት። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ስትደርሺ መጀመሪያ የምታገኚው ቅጥሩን ነው። በዙሪያው 12 ማማዎች አሉ፤ የሐዋርያት ምሳሌ ናቸው ይባላል። ከዚያ ዛፎቹ አሉ። ሰው ቤቱ ጋ የሚደርሰው ልቡ ከተሰበሰበ በኋላ ነው። የሣር ክዳኑም ሲያረጅ ካልታደሰ ዝናቡ ሥዕሉን ይበላዋል። ውጩ የውስጡ ጠባቂ ነው።
ላሊበላ ቤተ ጊዮርጊስ ጣሪያ ላይ፣ አንዱ በሌላው ውስጥ ሆኖ የተፈለፈለው መስቀል ከላይ ቆሞ ለሚያይ ሰው የተሠራ ነው። ቤት ቀላል መሆኑ ምንም አይደለም። የተረሳ መምሰሉ ነው የሚያሳዝነው።

የሕግ ተመራቂ
እኔ የራሴን ልናገር። ፍሬሽ ሆኜ ስመጣ ከገጠር ነበር። ማንንም አላውቅም። እናቴ «ቤተ ክርስቲያን እንዳትርቅ» ብላ ነው የላከችኝ። ጉባኤ እንዳለ ሰምቼ ሦስት ቀን ሙሉ በአዳራሹ ጎን አልፌአለሁ። የእህል መጋዘን መስሎኝ ነበር! ሰው ለመጠየቅ ደግሞ አፈርኩ። በአራተኛው ቀን ማታ መዝሙር ሰምቼ ነው የገባሁት። ያን ቀን ልምምድ ባይኖር ኖሮ ምን እሆን እንደነበር እግዚአብሔር ያውቃል።
አንድ ነገር አስቡ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነጻ እንዲሆን ያዛል። ግቢው ውስጥ አዳራሽ መሥራት አንችልም። ስለዚህ በር ላይ ያለው ቤት ራሱ «እዚህ ነን» ማለት አለበት። ይህን የምለው ለታይታ አይደለም። ለዚያ ቦርሳውን ተሸክሞ ለቆመው ልጅ ነው።

የፋርማሲ ተመራቂ
የአንተን ስሰማ ልቤ ተነካ። ግን ምልክት ለመስቀል ስንት ብር ይፈጃል? እኔን የሚያሰጋኝ አሉኮቦንድ (የሚያብረቀርቅ የግድግዳ ልባስ) ይለበስ፣ መስታወት ይግባ እየተባለ የሚሄደው ነው። በ1983 በብላቴ የጦር ማሠልጠኛ የተሰበሰቡት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሕንፃ ሠርተው አልጀመሩም። ግቢ ጉባኤያትን የሚያስተባብረው ማኅበረ ቅዱሳን በ1984 የተመሠረተው ከእነሱ ጸሎት ነው።

ከቦስተን፣ የኮምፒውተር ሳይንስ ተመራቂ
እዚህ በኤምአይቲ (የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ተቋም) ግቢ ውስጥ በ1955 እ.ኤ.አ. የተሠራ የጸሎት ቤት አለ። አርክቴክቱ ኤሮ ሳሪነን ነው የነደፈው። የሁሉም ሃይማኖት ተማሪ ይጸልይበታል። ከውጭ መስኮት የሌለው ክብ የጡብ ግንብ ነው፤ ዙሪያውን ትንሽ ውኃ ከቦታል። ብርሃኑ ከላይ በመሠዊያው ላይ ይወርዳል፤ ከታች ደግሞ ከውኃው ተንጸባርቆ ግድግዳው ላይ ይወዛወዛል። ከውጭ የሚታየው በአብዛኛው ጡብና ውኃ ነው። ግን ተማሪው በጎኑ ሲያልፍ የጸጥታ ቦታ መሆኑን ያውቃል። እኔ ለአሉኮቦንድ አንድ ብር አላዋጣም። ለዛፍና ለንጹሕ ግድግዳ ግን አዋጣለሁ።

የሲቪል ምህንድስና ተመራቂ
ባለፈው ወር ሄጄ ግድግዳውን በእጄ ነክቼ አይቼዋለሁ። ልስኑ የረገፈው ከታች፣ እስከ ጉልበት ድረስ ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ጣሪያው አሸንዳ የለውም። የክረምቱ ውኃ ከቆርቆሮው ጫፍ መሬት ላይ ወድቆ ግድግዳው ላይ ይፈናጠራል። በዚህ ላይ የኳርትዝ ቀለም ብንቀባ ገንዘባችንን ጣልን ማለት ነው። እርጥብ ግድግዳ ላይ ቀለም አይይዝም፤ በሁለት ክረምት ተመልሶ ይላጣል። መጀመሪያ አሸንዳ። ከዚያ የውኃ መውረጃ ቦይ። ከዚያ የድንጋይ ዞኮሎ (የግድግዳው የታችኛው ልባስ)። በበጋ ግድግዳው ሲደርቅ ልስንና ቀለም። ይህ ማሳመር ብቻ አይደለም፣ ቤቱን ማትረፍ ነው። ከተዋጣው ግማሹን እንኳ አይወስድም።

የሂሳብ አያያዝ ተመራቂ
ሰበካ ጉባኤው ተጠይቋል ወይ? ቅጥሩ የደብሩ ነው። ያለ አስተዳዳሪው ፈቃድ አንድ ሚስማር አንመታም። ቀለሙም ከቤተ ክርስቲያኑ ጋር መስማማት አለበት። ድምፅ ማጉያና ትልቅ ባነርም ይቅር፤ አካባቢው ላይ የሌላ እምነት ተማሪዎችም ይኖራሉ።

የአርክቴክቸር ተመራቂ
ልክ ነህ፣ ደብዳቤውን እኔ አዘጋጃለሁ። ከበሩ እስከ አዳራሹ ወይራና ጽድ ብንተክል ችግኙ ብዙ ወጪ የለውም። ጥላ ሲኖር ልጆቹ ከኮርስ በፊት ተቀምጠው ያጠናሉ።

የፋርማሲ ተመራቂ
አሸንዳውን ተቀብያለሁ። ቀሪው ግማሽ ግን ለተማሪዎቹ መሆኑ ዛሬውኑ ይጻፍ። በአፍ አይበቃኝም።

የሦስተኛ ዓመት ተማሪ (አሁን ግቢ ያለች)
ይቅርታ፣ ታላላቆቼ ስትነጋገሩ ዝም ብዬ እያነበብኩ ነበር። እኛ የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው። ከሠርክ ጉባኤ ስንወጣ ይመሻል። ከአዳራሹ እስከ ዋናው በር ያለው መንገድ ጨለማ ነው። ሴቶቹ አንዳችን ሌላችንን ጠብቀን በቡድን ነው የምንወጣው፤ ብዙዎቹ በዚህ ምክንያት መምጣት አቁመዋል። ቀለሙ ይቆይ ብትሉ እንጠብቃለን። መብራቱ ግን ከአሸንዳው ጋር አብሮ ይግባልን። ሁለት አምፖል ይበቃል፤ አንድ በሩ ላይ፣ አንድ መታጠፊያው ላይ።