ተማሪዎቼ የሰሙትን መጻፍ አቃታቸው

ሰላም ለሁላችሁ። በአንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ሶሻል አንትሮፖሎጂ አስተምራለሁ። ሦስተኛ ዓመት ላይ 34 ልጆች አሉኝ። ብዙዎቹ ሲመረቁ የሚያመለክቱት የእርዳታ ድርጅቶች ጋ ወይም መንገድና ግድብ ሲሠራ የሚነሱ ሰዎችን ኑሮ በሚያጠኑ ፕሮጀክቶች ላይ ነው። የዓለም ባንክ ገንዘብ ያለበት ፕሮጀክት ሰው የሚያስነሳ ከሆነ ይህ ጥናት ግዴታ ነው።

ኮቦ ቱልቦክስ የሚባለውን የመረጃ መሰብሰቢያ መተግበሪያ አስተማርኳቸው። ነፃ ነው፤ ኔትወርክ በሌለበትም በስልክ መረጃ ይሰበስባል። ቶሎ ገባቸው። ከዚያ ገበያ ወስጄ ቃለ መጠይቅ አስደረግኳቸው። ችግሩ የመጣው እዚህ ጋ ነው። አንዷ ተማሪዬ ቅቤ ከሚሸጡ እናት ጋር 40 ደቂቃ አውርታለች። የድምፅ ቅጂውን ሰማሁት። ለማን ዱቤ እንደሚሰጡ፣ ማንን እንደሚከለክሉ፣ ባላቸው ሲሞቱ እንኳ እቁባቸውን ለምን እንዳላቋረጡ ይናገራሉ። ወርቅ ነው! ሪፖርቱ ላይ የቀረው ግን «ነጋዴዋ የገንዘብ እጥረት አለባቸው» የሚል አንድ መስመር ብቻ ነው። የሌሎቹም እንደዚያው።

የናሙና ሪፖርት ሰጠኋቸው፤ አቀራረቡን እንዳለ ገለበጡት። ቅጂውን ሙሉ በሙሉ ጽፋችሁ አምጡ አልኩ፤ የአንድ ሰዓት ወሬ መጻፍ ቀኑን ስለሚበላ ግማሾቹ ሳይጨርሱ ቀሩ። ልጆቹ ሰነፎች አይደሉም። ቢሮዬ ድረስ እየመጡ «የቱን ልተው?» ይሉኛል።

የቀረኝ ስድስት ሳምንት ነው፤ በሳምንት ሦስት ሰዓት። ከሰው አፍ የሰሙትን ዝርዝር ሳይጥሉ፣ አሠሪ የሚያነበው ባለ ሁለት ገጽ ሪፖርት እንዲጽፉ በምን ዓይነት መልመጃ ላለማምዳቸው?