የተራሮችን የመሸርሸር ፍጥነት ከሳተላይት መረጃ መገመት ይቻላል?

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እንደ ሂማላያ ባሉ፣ ከፍ ማለታቸውን ገና ባላቆሙ ተራሮች ላይ የመሸርሸሩን ፍጥነት ለመገመት እየሞከርኩ ነው። በእጄ ያለው እ.ኤ.አ. በ2000 ከጠፈር መንኮራኩር በራዳር በየ30 ሜትሩ የተሰበሰበው የከፍታ መረጃ ነው። የተዳፋቱን ቁልቁለት መለካት ብቻ ይበቃል?

መልስ፦
አይበቃም። በፍጥነት ከፍ በሚል ተራራ ላይ ተዳፋቱ 30 ዲግሪ አካባቢ ከደረሰ በኋላ ወንዙ ከሥር በቦረቦረው ቁጥር ይናዳል እንጂ ቁልቁለቱ ብዙም አይጨምርም፤ ስለዚህ በዝግታና በፍጥነት የሚሸረሸሩ ሁለት ሸለቆዎች በካርታው ላይ አንድ ዓይነት ሊመስሉ ይችላሉ። የወንዙን ቁልቁለት ውኃ ከሚሰበስብበት የተፋሰስ ስፋት ጋር አዛምደው ቢያሰሉ የተሻለ አመላካች ያገኛሉ። ይህም ቢሆን የሚያስችለው ማነጻጸር ነው፤ በዓመት ስንት ሚሊሜትር እንደሆነ ለማወቅ በወንዝ አሸዋ ኳርትዝ ውስጥ ያለውን ቤሪሊየም-10 (ከጠፈር የሚመጣ ጨረር በመሬት ገጽ አካባቢ ባለ ማዕድን ውስጥ የሚፈጥረው፣ መሸርሸሩ ሲፈጥን መጠኑ የሚያንስ የአቶም ዓይነት) ማስለካት ያስፈልጋል።

ሌላ መልስ፦
በዚህ እስማማለሁ፤ ናዳውን ግን ለብቻው ይመልከቱት። እ.ኤ.አ. በ2015 በኔፓል የደረሰው የጎርካ የመሬት መንቀጥቀጥ ከ20,000 በላይ ናዳዎችን አስከትሏል። እንዲህ ያሉ ናዳዎች ዕፅዋት በለበሰ ተዳፋት ላይ እንደ ጠባሳ ጎልተው ስለሚታዩ ሴንቲነል-2 በተባለው የአውሮፓ ሳተላይት ምስል (አንዱ ነጥብ 10 ሜትር በ10 ሜትር በሆነው) ትልልቆቹን መለየትና ከስፋታቸው ተነሥቶ የአፈሩን መጠን መገመት ይቻላል። እዚህ ላይ ብርቱ ጥንቃቄ ይሻል፤ መጠኑ ከስፋቱ ይልቅ በፍጥነት ስለሚያድግ፣ ጎን ለጎን ያሉትን ናዳዎች እንደ አንድ ከቆጠሩ ድምሩ ይጋነናል።

ጠያቂው፦
እጅግ አመሰግናለሁ። የተናደው አፈር ሸለቆው ውስጥ ቢቀርስ?

ሌላ መልስ፦
እንግዲያውስ ከተራራው ገና አልወጣም ማለት ነው። ወንዙ ጠርጎ እስኪያወጣው ዓመታት ሊፈጅ ስለሚችል የናዳውን ድምር የዚያው ዓመት መሸርሸር አድርገው አይውሰዱት።