ጋም ኤምኤስአይን ትቶ ሲ ጌምስን መምረጡ ልክ ነበር?

አወያይ፦ የዛሬው ክርክር ስለ ቬትናሙ ጋም ኢስፖርትስ ነው። ለማታውቁት ባጭሩ፣ ሊግ ኦፍ ሌጀንድስ የሚባለው የኮምፒውተር ጨዋታ ቡድን ነው። ድሮ ጊጋባይት ማሪንስ ይባል ነበር። በ2022 የቬትናምን ሊግ፣ ቪሲኤስን፣ በልቶ ደቡብ ኮሪያ፣ ቡሳን ለሚደረገው ዓለም አቀፍ ውድድር፣ ለኤምኤስአይ፣ አለፈ። በዚያው ወር ግን ሃኖይ የደቡብ ምሥራቅ እስያ ጨዋታዎችን፣ ሲ ጌምስን፣ አስተናገደች። ጋም ቡሳንን ትቶ የአገሩን ማሊያ ለበሰ። በቦታው ሁለተኛ የወጣው ሳይጎን ቡፋሎ ሄደ። ልክ ነበሩ ወይ? ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው። መሳደብ ክልክል ነው።

ጀንግለር ከሰሚት፦ ልክ አልነበሩም። ይሄ ቡድን ስሙን የሠራው ውጭ ወጥቶ ነው። በ2017 ኤምኤስአይ፣ ብራዚል ላይ፣ የአሜሪካውን ቲኤስኤም 2 ለ 0 መርተው 3 ለ 2 ተሸነፉ። ሌላ ቡድን ቢሆን እዚያው ያበቃለት ነበር። እነሱ ግን በሁለተኛው ዕድላቸው ዋናው ዙር ገቡ። በዚያ ውጤት ነው ክልላቸው ለዓለም ሻምፒዮናው፣ ለዎርልድስ፣ ምድብ ቀጥታ ቦታ ያገኘው። በዚያው ዎርልድስ፣ ቻይና ዉሃን ላይ፣ ደግሞ የአውሮፓውን ፍናቲክን ጉድ ሠሩት። ተጫዋቻቸው ሌቪ ያን ጊዜ ማንም የማይጠብቀውን ኖክተርን የሚባል ገጸ ባሕርይ ይዞ ሲወጣ ተንታኞቹ ሳይቀሩ አፋቸውን ያዙ።

ከዚያስ? ለ2020 ዎርልድስ አለፉ፣ በኮሮና የጉዞ ገደብ ቀሩ። ለ2021 ኤምኤስአይ አለፉ፣ አሁንም ቀሩ። የ2021 ዎርልድስ ያለ አንድም የቬትናም ቡድን ተጀምሮ አለቀ። በ2022 በሩ ሲከፈት እነሱ ራሳቸው ዘጉት! የኢስፖርት ተጫዋች ዕድሜ እኮ አጭር ነው።

ቀይ ማሊያ፦ ወንድሜ፣ አንተ የምታወራው ዥረት ላይ ከሩቅ እንደሚያይ ሰው ነው። ኢስፖርት ሲ ጌምስ ላይ ሜዳሊያ ማሰጠት የጀመረው በ2019 ፊሊፒንስ ላይ ነው። ያን ጊዜ ሊግ ኦፍ ሌጀንድስ አልነበረበትም። በ2022 ገባ፣ ያውም በአገራቸው፣ በሕዝባቸው ፊት። ወርቁንም ወሰዱ። ልጄ ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ ተጥዶ ይውላል ብላ የምታማርር እናት ኤምኤስአይ ምኗ ነው? የአገር ወርቅ ግን ይገባታል።

ጀንግለር ከሰሚት፦ እናት አስገብቶ መከራከር ቀላል ነው።

ጡረተኛው መምህር፦ ልጆች፣ እኔ ጨዋታውን አላውቀውም። ኳስ ግን አውቃለሁ። ለአፍሪካ ዋንጫ ተጫዋቾች በጥር አውሮፓ ያለ ክለባቸውን ጥለው ይመጣሉ። አሰልጣኙ ያጉረመርማል፣ ልጁ ግን ይሄዳል። የዚህ ምኑ ነው አዲስ የሆነው?

ሱፖርት ነኝ፦ ጋሼ፣ ልዩነቱ እዚያው ላይ ነው። ለአፍሪካ ዋንጫ ክለቡ ሁለት ሦስት ሰው ያጣል፣ ራሱ ግን ውድድሩ ላይ ይቀጥላል። እዚህ ክለቡ እንዳለ ብሔራዊ ቡድን ሆነ። የአገሪቱ ሻምፒዮን ከውድድሩ ቀረ ማለት ነው።

ሁለታችሁም አገር ወይስ ክለብ እያላችሁ ትጨቃጨቃላችሁ። እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው። ለምን እዚህ ምርጫ ውስጥ ገቡ? ሲ ጌምስ ሊደረግ የታሰበው በ2021 መጨረሻ ነበር። በኮሮና ተገፍቶ ከሜይ 12 እስከ 23 ሆነ። ኤምኤስአይ ደግሞ ከሜይ 10 እስከ 29። የጨዋታው ባለቤት ራዮት ነው፣ የኤምኤስአይን ቀን የሚያወጣውም እሱ ነው። የግጭቱን ዋጋ ግን የከፈሉት ተጫዋቾቹ ናቸው። የኮሪያ ሻምፒዮን እንዲህ ያለ ቅርቃር ውስጥ ቢገባ ቀኑ ንቅንቅ አይልም ነበር? እኔ አላምንም። ቬትናም ብዙ ተጫዋች አላት፣ ብዙ ተመልካች አላት፣ ጠረጴዛው ላይ ግን ድምፅ የላትም።

ቀይ ማሊያ፦ ኮሪያን ካነሳሽ የቻይናዋን ሃንግዡን አስታውሺ። በ2023 የእስያ ጨዋታዎች ላይ ኮሪያ ወርቅ ወሰደች፣ ተጫዋቾቿ ከውትድርና ግዴታ ነፃ ወጡ። እዚያ የኮሪያውን ኮከብ ፌከርን ለምን ሄድክ የሚለው የለም።

ሱፖርት ነኝ፦ ልክ ነህ። ግን እነሱ ለወርቁ ብለው ዎርልድስን አልተዉም። ሁለቱንም ተጫወቱ፣ የፌከር ክለብ ቲዋን እንዲያውም ዎርልድስን በላ። ቬትናም ሃንግዡ ላይ አራተኛ ወጣች፣ ጋምም በዚያው ዓመት ዎርልድስ ሄደ። ቀኑ ካልተጋጨ ክርክርም የለም።

ቡፋሎ ወዳድ፦ ሳይጎን ቡፋሎን የሚያነሳ ይጥፋ? ቡሳን ላይ ከቲዋን፣ ከጃፓኑ ዲቶኔሽን ፎከስሚና ከላቲን አሜሪካው ቲም ኤዝ ጋር ተደልድለው ሁለተኛ ሆነው ወደ ቀጣዩ ዙር አለፉ። የጋም መቅረት ለሌላ አምስት ልጆች መድረክ ከፈተ። ይሄም ይቆጠር።

ጀንግለር ከሰሚት፦ ያልከው እኮ የእኔን ነጥብ ነው የሚያጠናክረው። ሁለተኛው ይሄን ከሠራ አንደኛው ምን ሊሠራ ነበር?

ቡፋሎ ወዳድ፦ ምናልባት ያንኑ። በዚያው በ2022 ዎርልድስ ላይ ጋም ስድስት ተጫውቶ አንድ ነው ያሸነፈው።

ጀንግለር ከሰሚት፦ አንዷ ማንን እንደሆነ ለምን አትናገርም? ቶፕ ኢስፖርትስን! ዋንጫ ይወስዳሉ የተባሉት ቻይናውያን ከምድቡ ሳያልፉ ሻንጣቸውን አነሱ። እንዲህ ዓይነት ቡድን ነው ቡሳን ያልታየው።

ጡረተኛው መምህር፦ እሺ፣ ወርቁ ለሊጉ ምን ጠቀመ? መንግሥት ደገፈ? ደመወዝ ተሻሻለ?

ሱፖርት ነኝ፦ ጋሼ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው። በ2024 ቪሲኤስ ውስጥ የጨዋታ ማጭበርበር ወጣ፣ 32 ሰዎች ታገዱ። ከወርቁ ሁለት ዓመት በኋላ ማለት ነው። በ2025 ደግሞ ቪሲኤስ ለብቻው መቆሙ ቀርቶ ከጃፓንና ከታይዋን ጋር በአንድ የፓሲፊክ ሊግ ተጠቃለለ። ሜዳሊያ ሊግ አያቆምም። አንድ ኤምኤስአይም አያቆምም፣ ጀንግለር ቅር እንዳይልህ።

ጀንግለር ከሰሚት፦ ቅር አላለኝም። ግን ለተጫዋቹ አንድ ኤምኤስአይ ብዙ ነው። ቢያንስ ማካካሻ ይኑር እላለሁ። ለአገሩ ብሎ የቀረ ሻምፒዮን በዎርልድስ ድልድል ሻል ያለ ቦታ ይሰጠው።

ቡፋሎ ወዳድ፦ ቦታው ከማን ተነጥቆ?

ጀንግለር ከሰሚት፦ ከአራት ቡድን ከሚልኩት።

ቀይ ማሊያ፦ ሂድና ለቻይናዎቹ ንገራቸው።