ማይክሮፍሉይዲክ ቺፕ መንገድ ላይ ሰው ቢነካካውስ? ስቲከር ይበቃል?

ሕሊና፦
ሰላም ለሁላችሁም። ደም የሚመረምር ትንሽ ቺፕ እየሠራን ነው። ቻናሎቹ (ደሙ የሚያልፍባቸው ቀጫጭን ቦዮች) ፒዲኤምኤስ የሚባል ጎማ ላይ ናቸው፣ ከሥር መስታወት አለው። ሪኤጀንቱ፣ ማለትም ከደሙ ጋር ተገናኝቶ ውጤቱን የሚያሳየው ኬሚካል፣ ውስጡ ደርቆ ተቀምጧል። ከእኛ ወጥቶ መርማሪው ጋ እስኪደርስ በብዙ እጅ ያልፋል። የሶፍትዌሩን ጣጣ ጨርሰናል። የሚያስጨንቀኝ ቺፑን ራሱን ሰው ቢነካካውስ የሚለው ነው። ከረጢቱ ላይ ሲከፈት የሚቀደድ ስቲከር ለጥፈናል። ይበቃል ትላላችሁ?

ናሆም፦
አይበቃም። ስቲከሩን አትተዉት፣ ግን የሚጠብቀው የከረጢቱን አፍ ብቻ ነው። ፒዲኤምኤስ የሲሊኮን ጎማ ነው። ቀጭን መርፌ ከረጢቱንም ጎማውንም አልፎ ይገባል። መርፌው ሲወጣ ጎማው ተመልሶ ይገጥማል፣ በዓይን ብታፈላልጊው አታገኚውም።

እኔ ቺፑ ራሱ ይመስክር ባይ ነኝ። ናሙናው ከመግባቱ በፊት በታወቀ ግፊት ባፈር (አሲድነቱ በቀላሉ የማይለዋወጥ ፈሳሽ) አሳልፉበትና ፍሰቱን ለኩ። በሰፊና ጠፍጣፋ ቻናል ውስጥ ፍሰቱ የሚወሰነው በቁመቱ ሦስተኛ ፓወር ነው (ቁመት × ቁመት × ቁመት)። 50 ማይክሮን የነበረው ቁመት 45 ቢሆን፣ በዚያው ግፊት የሚያልፈው ፈሳሽ 27 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። 5 ማይክሮን ለዓይን ምንም ነው፣ ሴንሰር ግን አያመልጠውም።

ሕሊና፦
ባፈር ካሳለፍን እኮ የደረቀው ሪኤጀንት ሟሙቶ አብሮ ይሄዳል።

ናሆም፦
እንግዲያው ባፈሩን ተዪው፣ ደሙ ራሱ ሲገባ ለኩት። መስታወቱ ላይ ሦስት ቦታ፣ ደሙ ሲደርስ በኤሌክትሪክ የሚለዩ ጥንድ ጥንድ ኤሌክትሮዶች አድርጉ። ደሙ ከአንደኛው ሁለተኛው፣ ከሁለተኛው ሦስተኛው ለመድረስ የፈጀበትን ጊዜ መዝግቡ። የሰው ደም ውፍረቱ ስለሚለያይ ጊዜውን ለብቻው አትመኑት። አንዱን ለሌላው አካፍሉት። ደሙ ቢወፍርም ቢቀጥንም ሁለቱ ጊዜዎች አብረው ስለሚለወጡ ድርሻው ብዙም አይናወጥም። አንዱ ክፍል ከጠበበ ወይም ካፈሰሰ ግን ይዛባል።

ከተዛባ መሣሪያው ጭራሽ ውጤት አይስጥ። በዛ ቁጥር መድኃኒት የሚታዘዝለት ሰው አለ።

ትዕግስት፦
እኛ ፒዲኤምኤሱ ሳይደርቅ በፊት የሚያበሩ ጥቃቅን ቅንጣቶች እንቀላቅልበታለን። በየቺፑ አቀማመጣቸው ይለያያል። ፎቶ አንስተን እንመዘግባለን፣ መሣሪያው ሲያነብ ያመሳክራል። አስመስሎ መሥራት በጣም ከባድ ነው።

ናሆም፦
ጥሩ ነው፣ ግን የሚያረጋግጠው ቺፑ የእናንተው መሆኑን እንጂ አለመነካቱን አይደለም። ሕሊና፣ ለሪኤጀንቱ መጠኑ የታወቀ ኮንትሮል (ለማመሳከሪያ የሚሆን ንጥረ ነገር) ያለበት ክፍል ጨምሩ። ሙቀት ያበላሸው ሪኤጀንት እዚያ ይጋለጣል። ቦታውን ደግሞ በየቺፑ ቀያይሩት፣ አለዚያ ነገረኛው የናሙናውን ክፍል ብቻ ለይቶ ይነካል። የትኛው ኮንትሮል እንደሆነ መሣሪያው ከትዕግስት ቅንጣቶች መለያ ይወቀው።

ሕሊና፦
ቦታ መቀያየሩ እንዲያውም አዲስ ሞልድ (የቺፑን ቅርጽ ማውጫ) አያስፈልገውም። ሪኤጀንቱን የምናንጠባጥበው ቺፑ ከመዘጋቱ በፊት ነው። በእሱ እንጀምራለን። ተባረኩ!