የአዲስ ፕሬዚዳንት ራእይ በምን ይመዘናል?

የደብረ ማርቆስ መምህር፦ የሥነ ዜጋ ተማሪዎቼ የአዲስ ርእሰ ብሔርን የመጀመሪያ ንግግር አድምጠው የአመራር ዘይቤውን እንዲገመግሙ ላዝዛቸው አስቤያለሁ፤ ይሁንና ሥልጣኑ በአመዛኙ ሥነ ሥርዓታዊ በሆነበት አገር የፕሬዚዳንቱን ራእይ ከመንግሥት ዕቅድ ለይቶ ማየት ይቻላል ወይ?

ከፍኖተ ሰላም፦ መምህር፣ ከሕገ መንግሥቱ ቢጀምሩ ይሻላል። በአንቀጽ 71 መሠረት ፕሬዚዳንቱ የሁለቱን ምክር ቤቶች ዓመታዊ ስብሰባ ይከፍታል፣ በጠቅላይ ሚኒስትሩ አቅራቢነት አምባሳደሮችን ይሾማል፣ በሕግ መሠረት ይቅርታ ያደርጋል፤ በአንቀጽ 57 መሠረት ደግሞ የቀረበለትን ሕግ በ15 ቀን ውስጥ ባይፈርም እንኳ ሕጉ ሥራ ላይ ይውላል። ስለዚህ በመስከረም መጨረሻ ምክር ቤቶቹን ሲከፍት የሚያሰማው ንግግር የራሱ ራእይ ነው ለማለት እቸገራለሁ።

ከቡሬ፦ ጋሼ ያሉት እውነት ቢሆንም፣ የቃል ምርጫም ጉልበት አለው። ወይዘሮ ሣህለወርቅ ዘውዴ ጥቅምት 15 ቀን 2011 ዓ.ም. ቃለ መሐላ ሲፈጽሙ ስለ ሰላምና ስለ ሴቶች አጥብቀው መናገራቸው የራሳቸው ፈቃድ ይመስለኛል። መስከረም 27 ቀን 2017 ዓ.ም. የተተኳቸው አቶ ታዬ አጽቀሥላሴም እንደ እርሳቸው ከዲፕሎማሲ የመጡ ናቸውና (ይህ በአጋጣሚ ብቻ አይመስለኝም) ንግግሮቻቸውን ማነጻጸር ይቀላል።

የደብረ ማርቆስ መምህር፦ እግዜር ይስጥልኝ። እንግዲያው ሁለቱን ንግግሮች ከአንቀጽ 71 ጋር አስተያይተው እንዲጽፉ አደርጋለሁ።