«ረ»ን መጥራት የሚቸግረው ተማሪዬና ጄረሚ ብሬት

መምህሩ ከደሴ፦
የተከበራችሁ ወገኖች፣ በከተማችን በአንድ ትምህርት ቤት የድራማ ክበብ አስተባብራለሁ። ከአባላቱ ሁሉ የላቀ ተሰጥዖ ያለው ልጅ «ረ»ን መጥራት ስለሚያቅተው እኩዮቹ «ኮልታፋ» ይሉታል፤ በዚህም የተነሣ ቃል የሌለበት ሚና ካልተሰጠኝ አልገባም ብሏል። የልብ ወለዱን ወንጀል መርማሪ ሼርሎክ ሆምስን በቴሌቪዥን የተጫወተው እንግሊዛዊው ጄረሚ ብሬት ይኸው ችግር እንደነበረበት ሰምቻለሁ። እውነት ከሆነ እንዴት እንደተወጣው ብትነግሩኝ ለልጁ ሳላዛንፍ አስረዳዋለሁ።

ከወልድያ፦
መምህር፣ የሰሙት እውነት ነው። ብሬት እ.ኤ.አ. በ1933 በዋሪክሸር፣ በርክስዌል ሲወለድ የቤተሰቡ ስም ሃጊንስ ነበር። የ«ር» ድምፅ አይወጣለትም ነበር፤ በዚያ ላይ ማንበብ ስለሚቸግረው በኢተን ትምህርት ቤት የታወቀው በመዘምራን ጓድ እንጂ በቀለም ትምህርት አልነበረም። በጉርምስናው ቀዶ ሕክምና ተደረገለት፤ ይሁን እንጂ ለልጁ አጥብቀው ሊነግሩት የሚገባው ከዚያ በኋላ የሆነውን ነው። ሥራ ቢኖረውም ባይኖረውም የአነጋገር ልምምዱን በየቀኑ ይሠራ እንደነበር ራሱ ተናግሯል። የጦር መኮንን የነበሩት አባቱ ተዋናይነቱን ስላልወደዱለት፣ የአባቱን ስም ትቶ «ብሬት» የሚለውን ከሙሉ ልብሱ ላይ ከተሰፋው የልብስ ሰፊ ምልክት ወሰደ።

ከኮምቦልቻ፦
በሆምስነቱ ላይ ልጨምር። ግራናዳ የተባለው ጣቢያ ከ1984 እስከ 1994 ባሠራቸው 41 ክፍሎች ውስጥ የምናየው ድንገተኛ የእጅ ውርወራ፣ ከረጅም ዝምታ በኋላ የሚፈነዳው ንግግር፣ ሁሉም ከጥናት የመጣ ነው፤ የሆምስን አመጋገብ፣ አጠጣጥና ልማድ ከመጻሕፍቱ ለቅሞ ባለ 77 ገጽ መዝገብ አዘጋጅቶ ነበር። ንባብ ለሚከብደው ሰው ይህ ምን ያህል ድካም እንደሚጠይቅ አስቡት! በ1964ቱ «ማይ ፌር ሌዲ» ፊልም ውስጥ ግን ጥሩ ዘማሪ ሆኖ ሳለ ዘፈኑን የዘፈነው የሌላ ሰው ድምፅ ነው፤ ይህን ባስታወስሁ ቁጥር አዝናለሁ።

እኅታችሁ ከሐይቅ፦
ጋሼ፣ ታሪኩን ሲነግሩት ሕመሙንም አይደብቁት። ባለቤቱ በ1985 በካንሰር ከሞተችበት በኋላ የአእምሮ ሕመሙ በርትቶበት፣ መድኃኒት እየወሰደ ሆምስን መጫወቱን ቀጠለ፤ ከልጅነት ጀምሮ የተጎዳው ልቡ ደክሞ በ1995 በ61 ዓመቱ አረፈ። ቀዶ ሕክምናውን ግን እንደ መፍትሔ አያቅርቡለት። የእንግሊዞቹ «ር» እንደ እኛ «ረ» ምላስን ከላይኛው ድድ ጋር አያርገበግብም፤ የልጁን ችግር ባለሙያ ቢያየው ይሻላል። በእኛ ሰፈር መንዙማ ሲባል ተቀባዮቹ ቃሉን በዜማ ስለሚመላልሱት፣ በንግግር የሚከብዳቸው ድምፅ በዜማ የቀለላቸው ልጆች አይቻለሁ፤ እስከዚያው ይህን ይሞክሩት። አብሽሩ።

መምህሩ ከደሴ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ሐሙስ ልምምድ አለን፤ ሦስት ዐረፍተ ነገር ብቻ ያለው ሚና እሰጠዋለሁ፤ ሁለቱ «ረ» አለባቸው።